ፊት የነሳው ሕመሙ ነው፦ ፓርኪንሰንና የቤተሰብ ድጋፍ

እንግዳ ሲመጣ ፈገግ የማይል አባት፣ ቡና ሲቀርብላት «ይቅርብኝ» የምትል እናት፣ ከለቅሶና ከማኅበር የቀረ ጎረቤት በሰው ዘንድ እንደ ተቀያሚ ወይም እንደ ኩሩ ሊታዩ ይችላሉ። ነገሩ ግን ቅያሜ ላይሆን ይችላል። ፓርኪንሰን የፊት ጡንቻዎችን ያደርቃል፣ ድምፅን ያሳንሳል፣ እጅን ያንቀጠቅጣል። ታማሚው ስኒውን የሚመልሰው ቡናው ሰው ፊት እንዳይፈስበት ሰግቶ ሊሆን ይችላል።

ፓርኪንሰን ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ የሚከሰት ሕመም ነው። ስያሜውን ያገኘው ምልክቶቹን እ.ኤ.አ. በ1817 በጽሑፍ ካሰፈረው እንግሊዛዊ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ8 ነጥብ 5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከሕመሙ ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን ባይገኝለትም፣ እንደ ሌቮዶፓ ያሉ መድኃኒቶች ምልክቶቹን ያቃልላሉ።

ከመንቀጥቀጡ ይልቅ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚቀረው የስሜት ሕመሙ ነው። ከሦስት ታማሚዎች አንዱ ገደማ ሕክምና የሚሻ ድባቴ ያጋጥመዋል። ጭንቀትም የተለመደ ነው። ይህ የሚመጣው በመታመም ሐዘን ብቻ አይደለም፤ ሕመሙ ስሜትን የሚቆጣጠሩ የአንጎል ንጥረ ነገሮችንም ስለሚያዛባ ነው። እንዲያውም ድባቴው መንቀጥቀጡ ከመታየቱ ከዓመታት በፊት ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ «አይዞህ፣ በርታ» ማለት መልካም ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ድባቴ እንደ ማንኛውም ሕመም ለሐኪም ሊነገርና ሊታከም ይገባል።

ቤተሰብ ሊያደርጋቸው ከሚችላቸው ነገሮች የመጀመሪያው ፊትን አይቶ አለመፍረድ ነው። ስሜቱን ጠይቆ መልሱን በትዕግሥት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ንግግሩ ቢዘገይም ሐሳቡን ሌላ ሰው ሊጨርስለት አይገባም። ስኒውን እስከ አፉ ከመሙላት ይልቅ ግማሽ መቅዳት ከጨዋታው እንዳይርቅ ያግዘዋል። ሁለተኛው የመድኃኒቱን ሰዓት መጠበቅ ነው። የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ ሰውነት ብቻ ሳይሆን ስሜትም ሊወርድ ስለሚችል፣ ጭንቀቱ በየትኛው ሰዓት እንደሚበረታ መዝግቦ ለሐኪም ማሳየት ይጠቅማል። በጾምም ሆነ በሌላ ምክንያት መድኃኒቱን ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጥ አደገኛ ነው።

አስታማሚም ይደክማል። ሌሊት የምትነሣው ሚስት ወይም ሥራዋን የተወችው ልጅ ተራ የሚቀበላት ዘመድ ያስፈልጋታል። ድካሟን መናገሯ ታማሚውን መጥላት አይደለም።

በካዛንቺስ ይህን ሸክም ለረጅም ዘመን ሲጋሩ የኖሩት ጎረቤትና እድር ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት በርካታ የሰፈሩ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛውረዋል። መራመድ ለሚቸግረው ሰው የለመደውን ደጅና ጎረቤት ማጣት ከቤት የመዋል ሌላ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የቀድሞ ጎረቤት ስልክና ጉብኝት ትልቅ ዋጋ አለው።

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የነርቭ ሕክምና ይሰጣል። ከሕመሙ ጋር የሚኖሩት ወይዘሮ ክብራ ከበደ በአዲስ አበባ የመሠረቱት የፓርኪንሰን ሕሙማን መርጃ ድርጅት ደግሞ ታማሚዎችንና ቤተሰቦቻቸውን ይደግፋል።

በየዓመቱ ሚያዝያ 3 ቀን የዓለም የፓርኪንሰን ቀን ይታሰባል። በየቤቱ ግን ቀኑ ዕለት ዕለት ነው። ፊቱ ባይስቅም ልቡ የሚሰማ ሰው ከቡናው ዙሪያ እንዳይጎድል ቦታውን መጠበቅ የቤተሰቡ ድርሻ ነው።