ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያሉት ዓመታት

ክብደትን ለመቀነስ ሲባል በጨጓራ ላይ የሚደረገው ኦፕራሲዮን ዛሬ በብዙ አገሮች የተለመደ ሕክምና ሆኗል። ሥራው ራሱ ጥቂት ሰዓት ቢወስድ ነው። ታካሚዋም ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሆስፒታል ወጥታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በመጀመሪያው ዓመት ቀሚሷ ይሰፋታል፤ ዘመድ ወዳጁም «እንዴት አማረብሽ!» ይላታል። ስለዚህ ጊዜ ሁሉም ያወራል። ከዚያ ወዲያ ስለሚመጡት አምስት፣ ዐሥርና ሃያ ዓመታት ግን ሲነገር እምብዛም አይሰማም። ታካሚዋም ሆነች ቤተሰቧ ሊያውቁት የሚገባው ዋና ቁም ነገር የሚገኘው በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ስለሆነ፣ የዛሬው ጽሑፋችን በዚሁ ላይ ያተኩራል።

ኦፕራሲዮኑ ምን ይለውጣል?

በአሜሪካ አገር የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን፣ በጨጓራ ቁስለት ምክንያት ከጨጓራቸው ከፊሉ ተቆርጦ የወጣላቸው ሕመምተኞች እንደሚከሱና መልሰው ለመወፈር እንደሚቸገሩ ያስተውሉ ነበር። ከዚህ ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1966 ከመጠን በላይ ለወፈሩ ሰዎች የሚሆን ኦፕራሲዮን ጀመሩ።

ዛሬ በብዛት የሚሠራባቸው ዓይነቶች ሁለት ናቸው። በአንደኛው ከጨጓራው ሦስት አራተኛ የሚሆነው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ተቆርጦ ይወጣና የቀረው ጠባብ ቱቦ ይመስላል። በሁለተኛው ደግሞ ከጨጓራው አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ተለይታ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትቀጠላለች። የሚበላው ምግብ ቀሪውን ጨጓራና የአንጀቱን የመጀመሪያ ክፍል ሳይነካ ያልፋል። ይህ የሚታለፈው የአንጀት ክፍል ግን ብረትና ካልሲየም በብዛት ወደ ደም የሚገቡበት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የምግቡ መጠን ብቻ ሳይሆን ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘው ጥቅምም ይለወጣል ማለት ነው።

ስዊድን የተደረገው ጥናት

ስለ ረጅሙ ጊዜ ብዙ ያስተማረው እ.ኤ.አ. በ1987 በስዊድን አገር የተጀመረው ጥናት ነው። በፕሮፌሰር ላርስ ሾስትሮም መሪነት የተካሄደው ይህ ጥናት ኦፕራሲዮን የተደረገላቸውን 2,010 ሰዎችና ኦፕራሲዮን ያልተደረገላቸውን 2,037 ወፍራም ሰዎች ጎን ለጎን ለብዙ ዓመታት ተከታትሏል። ከተካፈሉት ውስጥ የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። አብዛኞቹ ታካሚዎች የተሠራላቸው ዛሬ እምብዛም የማይሠራበት የቀድሞው ዓይነት ኦፕራሲዮን ቢሆንም፣ አንጀት የሚቀጠልበት ዓይነት የተደረገላቸውም ነበሩ።

አንጀታቸው የተቀጠለላቸው ሰዎች ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በአማካይ 32 በመቶ የሚሆነውን ክብደታቸውን ቀንሰዋል። ከ10 ዓመት በኋላ ሲመዘኑ ቅናሹ 25 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ 120 ኪሎ የነበረች ሴት በሁለተኛው ዓመት ገደማ ወደ 82 ኪሎ ትወርዳለች፤ በዐሥረኛው ዓመት ግን 90 ኪሎ ያህል ትመዝናለች። ኦፕራሲዮን ያልተደረገላቸው ሰዎች ክብደት በአንጻሩ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከነበረበት ብዙም ፈቀቅ አላለም።

በስኳር በሽታም ላይ የታየው ተመሳሳይ ነው። ስኳር ከነበረባቸውና ኦፕራሲዮን ከተደረገላቸው ውስጥ በ2 ዓመት ጊዜ 72 በመቶ ያህሉ በሽታው ለቅቋቸው ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ ግን እንደዚያው የቆዩት 30 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ «ስኳሩ ጠፍቶልኛል» ብሎ ምርመራን መተው ትልቅ አደጋ አለው።

ዕድሜን በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ኦፕራሲዮን የተደረገላቸው ሰዎች ካልተደረገላቸው ወፍራሞች በአማካይ 3 ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ አግኝተዋል። ይሁን እንጂ ከጠቅላላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ ዕድሜያቸው በ5 ዓመት ተኩል ያህል ያነሰ ነበር። ሕክምናው ብዙ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሰውን ታሞ እንደማያውቅ አያደርገውም።

የተመለሰው ኪሎ ጥፋት ነውን?

ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ጥቂት ኪሎ ሲመለስ በቤት ውስጥ የሚሰማው ነገር ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። «ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ፣ ያ ሁሉ ሥቃይ ታልፎ፣ አሁን ደግሞ መብላት ጀመረች» የሚባለው እርሷ በሌለችበት ብቻ አይደለም። እርሷም ራሷን ትወቅሳለች። በማፈሯ ምክንያት የሐኪም ቀጠሮዋን መሰረዝ ትጀምራለች። ቀጠሮው ሲቀር የደም ምርመራው ይቀራል፤ ምርመራው ሲቀር ደግሞ ከኪሎው የከፋ ነገር ሳይታይ ይገባል።

ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ግን ሰውነት የቀነሰውን ክብደት ለመመለስ የሚታገል ፍጥረት ነው። ከጊዜ በኋላ የረሃብ ስሜት ይመለሳል፤ በአንድ ማዕድ የሚበላውም መጠን ቀስ በቀስ ይጨምራል። የተወሰነ ኪሎ መመለሱ የሚጠበቅ እንጂ የስንፍና ምልክት አይደለም። ኪሎው በፍጥነት ሲጨምር የሚያስፈልገው ተግሣጽ ሳይሆን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

የማይታየው ረሃብ

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሰውነት የሚራበው ቪታሚንና ማዕድን ነው። ቪታሚን ቢ 12 በጉበት ውስጥ ለጥቂት ዓመታት የሚሆን ስንቅ አለው። በዚህ ምክንያት ክኒኑን ያቋረጠች ሴት ለጊዜው ምንም አይሰማትም። ስንቁ ሲያልቅ ግን እግሯና እጇ መደንዘዝ፣ ጉልበቷ መድከም፣ ነገር መርሳት ይጀምራታል። ቶሎ ካልታወቀ በነርቭ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ላይመለስ ይችላል።

የወር አበባ የሚያዩ ሴቶች ደግሞ በብረት እጥረት ለሚመጣው የደም ማነስ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። የካልሲየምና የቪታሚን ዲ ጉድለት አጥንትን ያሳሳል፤ ይህም የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከዓመታት በኋላ አጥንት ሲሰበር ነው።

ሐኪሞች በጠቅላላው የሚመክሩት ይህን ነው። ለታካሚዋ የታዘዘው የቪታሚን ክኒን ወይም መርፌ እስከ ዕድሜ ልክ አይቋረጥም። ካልሲየም በቀን ከ1,200 እስከ 1,500 ሚሊ ግራም ተከፋፍሎ ይወሰዳል። ብረትና ካልሲየም አንዱ ሌላውን ስለሚከለክል በመካከላቸው ቢያንስ የ2 ሰዓት ልዩነት ይደረጋል። ሻይና ቡናም ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ ከብረቱ ክኒን ጋር አይጠጡም። የደም ምርመራ ደግሞ ምንም ሕመም ባይሰማም በየዓመቱ ይደረጋል።

ማዕዳችንና እንግዳ አቀባበላችን

በውጭ አገር ኦፕራሲዮኑን አድርጋ ለዕረፍት ወደ አገሯ የምትመጣ እኅት ብትኖር፣ የእኛ ደግነት ፈተና ሊሆንባት ይችላል። «በሞቴ ይህችን ብቻ!» እየተባለች ጉርሻ ስትደራረብባት እንቢ ማለት ነውር ይመስላታል፤ ብትበላው ደግሞ ያማታል፤ ያስመልሳታል። ለእርሷ የሚሆነው በትንሽ ሳህን የቀረበ፣ ዝግ ብሎ የሚታኘክ ምግብ ነው። ጨጓራዋ ጠባብ ስለሆነ ከእንጀራው በፊት ወጡን ብታስቀድም ይሻላል። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ዶሮ፣ አይብ፣ ምስርና ሽሮ ሰውነት ገንቢ የሆነውን ፕሮቲን ይሰጧታል፤ በቀን ከ60 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን ማግኘት ይኖርባታል። ውኃ የምትጠጣውም ከምግብ ጋር ሳይሆን ከበላች ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው።

ጣፋጭ ነገር ሲበዛ ደግሞ በፍጥነት ወደ አንጀት ስለሚወርድ ልብ ያስመታል፤ ያልባል፤ ሆድ ይቆርጣል። አንዳንድ ጊዜም ከበሉ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የደም ስኳር ወርዶ ያንቀጠቅጣል።

ጾምን በሚመለከትም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቢ 12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ስለሆነ፣ ረጅሙን ጾም የምትጾም ታካሚ ክኒኗን ወይም መርፌዋን ፈጽሞ ማቋረጥ የለባትም። የረመዳንን ጾም የምትጾመዋም ውኃና መድኃኒት የምትወስድበትን ሰዓት አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር መወሰን ይገባታል።

የአልኮል ነገር በተለይ መነገር ያለበት ነው። አንጀት ከተቀጠለ በኋላ መጠጥ በፍጥነት ወደ ደም ይገባል፤ ከፊተኛው ያነሰ መጠን ያሰክራል። በአሜሪካ አገር በ10 ሆስፒታሎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት፣ በመጠጥ ምክንያት ችግር ያለባቸው ታካሚዎች ከኦፕራሲዮኑ በፊት 7.6 በመቶ ሲሆኑ በሁለተኛው ዓመት 9.6 በመቶ ደርሰዋል። ድሮ ምግብ ያጽናናው የነበረው ኀዘን ሌላ መጽናኛ ሊፈልግ እንደሚችል ቤተሰብ ማወቅ አለበት።

እርግዝና

ክብደት ሲቀንስ የተዛባ የወር አበባ ይስተካከላል፤ መውለድ አቅቷት የነበረች ሴትም ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች። ሐኪሞች ግን ከ12 እስከ 18 ወር ቢቆይ ይመክራሉ፤ ምክንያቱም እናቲቱ እየከሳች ባለችበት ወቅት ፅንሱ የሚያስፈልገውን ምግብ አያገኝም። አንጀታቸው ለተቀጠለ ሴቶች በአፍ የሚወሰደው የወሊድ መከላከያ ክኒን ሙሉ በሙሉ ላይሠራ ስለሚችል ሌላ ዘዴ መምረጥ ይበጃል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ የስዊድን ጥናት ጥቅሙንም ጉዳቱንም አሳይቷል። ኦፕራሲዮን ከተደረገላቸው እናቶች ውስጥ በእርግዝና ጊዜ ስኳር የያዛቸው 1.9 በመቶ ሲሆኑ፣ እንደ እነርሱ ወፍራም ሆነው ኦፕራሲዮን ካልተደረገላቸው ግን 6.8 በመቶ ነበሩ። በሌላ በኩል ከሚጠበቀው ክብደት ያነሱ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ዘንድ 15.6 በመቶ፣ በሁለተኞቹ ዘንድ 7.6 በመቶ ሆነዋል። ስለዚህ ነፍሰ ጡሯ ለአዋላጅዋ ስለ ኦፕራሲዮኑ ከመጀመሪያው ቀን መናገር አለባት።

ትዳርና ራስን ማየት

እ.ኤ.አ. በ2018 በስዊድን የወጣ ጥናት፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባለትዳሮች የሚለያዩበት፣ ያላገቡት ደግሞ የሚያገቡበት ሁኔታ ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚበዛ ገልጿል። ሰውነቷ የተለወጠ ሴት ልማዷም፣ ድፍረቷም፣ ከሰው የምትጠብቀውም ይለወጣል። ቆዳዋ ተንጠልጥሎ ስለሚቀር ቀጥናም በመስተዋት ፊት የምታፍር አለች። ባል «አሁን ምን ጎደለሽ?» ከማለት ይልቅ ምን እንደሚሰማት ቢጠይቃት ይሻላል። ኀዘኗ ከበረታና መኖር ካስጠላት ግን ምክር ብቻ አይበቃም፤ ሳይዘገይ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ መውሰድ ያስፈልጋል።

ቤተሰብ የማይንቃቸው ምልክቶች

ማስመለስ ለቀናት ካላቋረጠ የቪታሚን ቢ 1 ጉድለት አእምሮንና ነርቭን ሊጎዳ ስለሚችል በአስቸኳይ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። አንጀት ከተቀጠለ ከብዙ ዓመታት በኋላም ቢሆን ድንገተኛ ብርቱ የሆድ ቁርጠት ቢመጣ፣ አንጀቱ ተጣምሞ ሊሆን ስለሚችል «ጋዝ ነው» ተብሎ አይታደርም። ሰገራ ሲጠቁር የጨጓራ መድማት ምልክት ሊሆን ይችላል። እንደ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች በተቀጠለው ቦታ ላይ ቁስል ስለሚያስከትሉ ከመድኃኒት ቤት እንዲሁ ተገዝተው አይዋጡም፤ ሲጋራም እንዲሁ ቁስል ያመጣል።

ታካሚዋ የተደረገላት የኦፕራሲዮን ዓይነት፣ ዓመተ ምሕረቱና የምትወስዳቸው መድኃኒቶች ዝርዝር በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ አንዱ ቅጂ በቦርሳዋ፣ ሌላው በቤተሰቡ እጅ ቢቀመጥ መልካም ነው። እርሷ መናገር በማትችልበት ሰዓት ለሐኪሙ የሚናገርላት ያ ወረቀት ነው። በቤት ውስጥ ያለን ሰዎችም «ስንት ኪሎ ሆንሽ?» የሚለውን ጥያቄ ትተን፣ «የዘንድሮውን የደም ምርመራ አደረግሽ ወይ?» ብለን ብንጠይቃት የበለጠ እንረዳታለን።