የምትታለብ ፍየል ከልጆች አትራቅ

ጅላል የሚባለው ደረቅ ወቅት ሲበረታ በሶማሌ ክልል በአውበሬ ዙሪያ ያሉ ከብት አርቢ ቤተሰቦች ለሁለት ይከፈላሉ። ወጣቶቹ ግመሉንና ከብቱን እየነዱ ሣርና ውሃ ወዳለበት ይርቃሉ፤ እናት፣ አያትና ሕፃናት መንደር ይቀራሉ። ከመንጋው ጋር ወተቱም ይሄዳል። ዲራአ የሚባለው ዝናብ እስኪጥል ድረስ ያሉት ወራት ለትንንሽ ልጆች ከዓመቱ ሁሉ የከፉ ናቸው።

በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይህንን በቁጥር ያሳያል። በዚያ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአማራ ክልል ሕፃናት 46 በመቶዎቹ ቀንጭረው ሲገኙ በሶማሌ ክልል ቁጥሩ 27 በመቶ ነበር። በቁመት የሶማሌ ልጆች ይሻላሉ። መቀጨጭ ሲታይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በአገር ደረጃ 10 በመቶ የሆነው በሶማሌ ክልል 23 በመቶ ደርሷል። ወተት ባለበት ወቅት ደህና ያደገ ልጅ ወተቱ ሲጠፋ ቶሎ ሥጋው ያልቃል ማለት ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ወተቱ የግድ መሄድ አለበት? ሴቭ ዘ ችልድረንና የታፍትስ ዩኒቨርሲቲው ፋይንስታይን ማዕከል ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሊበንና ያኔ ሽንሌ በሚባለው በዛሬው ሲቲ ዞን «ሚልክ ማተርስ» በተባለ ሥራቸው ይህንኑ ጥያቄ አንስተዋል። እናቶቹን ጠየቁ፤ እናቶቹም መፍትሔውን ነገሯቸው፦ ጥቂት የሚታለቡ እንስሳት ከልጆቹ ጋር ይቅሩ፣ መኖና ሕክምና ያግኙ። እንደተባለው ተደረገ። መኖው በደረሰባቸው መንደሮች ሕፃናቱ በድርቁ ወቅትም ወተት አገኙ፤ ካልደረሰባቸው ይልቅ የክብደታቸው ሁኔታ ተረጋግቶ ቆየ።

የአውበሬና የጅግጅጋ ሜዳ ነዋሪ ደግሞ ከብት ብቻ ከሚያረባው የሚሻልበት ነገር አለው፤ ማሽላና በቆሎ ያርሳል። ከአጨዳ በኋላ አገዳው ሁሉ ከመሸጡ በፊት ለአንዲት ወይም ለሁለት ፍየሎች የሚሆን ቢቀመጥ፣ ጅላል ሲገባ ትንሹ ልጅ በየቀኑ ወተት ሊያገኝ ይችላል። ይህ ውሳኔ በአብዛኛው የአባት እጅ ነው። ስለ ሕፃናት አመጋገብ ምክር ሲሰጥ እናት ብቻ ተጠርታ አባት የሚቀርበት ልማድ ስለዚህ መቅረት አለበት።

ወተቱ ይፈላ። የሶማሌ ሴቶች የወተት ዕቃቸውን በፍም ጭስ ማጠናቸው ጥሩ ልማድ ነው፤ ጭሱ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል። ብሩሴሎሲስን የመሰሉ ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎችን ግን አያስቀርም። ለትልቅ ሰው ጥሬ የግመል ወተት የኖረ ነገር ነው፤ ለሕፃን ግን አንዴ ገንፍሎ ቢሰጥ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ስድስት ወር ለሞላው ልጅ ነው። ከዚያ በታች ላለው የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃል። ከላይ በተጠቀሰው ጥናት በአገሪቱ ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ። በቆላው ሙቀት አያቶች «ልጁ ውሃ ጠምቶታል» ብለው የስኳር ውሃ ወይም የፍየል ወተት የሚሰጡት ከክፋት አይደለም፤ ከፍቅር ነው። ነገር ግን የጡት ወተት ከ87 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ ደጋግሞ የጠባ ልጅ በሙቀትም ቢሆን አይጠማም። ከጀሪካን የተቀዳው ውሃ ግን ተቅማጥ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቁርኣን ለማጥባት ሁለት ሙሉ ዓመት ማስቀመጡን በአውበሬ የማያውቅ የለም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይላል። አያትን ለማሳመን ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም፤ አዬዮ (አያት) ያላመነችበት ምክር ደግሞ ከደጅ አያልፍም።

ስድስት ወር ሲሞላ ገንፎ ይጀመራል፣ ከማንኪያ የማይፈስ ወፍራም ሆኖ። በላዩ ጥቂት ሱባግ (የነጠረ ቅቤ) ጠብ ቢል፣ እንቁላል ሲገኝ ቢጨመር ኃይል ይሰጣል። መጀመሪያ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ ሦስት አራት ጊዜ። እናት ውሃ ፍለጋ ስትውል የሚዘለለው ይህ ድግግሞሽ ነው፤ ስለዚህ ቤት የሚቀረው ሰው ማን እንደሚያበላው አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ሻሂ ለሕፃን ምግብ አይደለም፤ ከምግብ ጋር ሲሰጥ ሰውነት ብረት እንዳያገኝ ያግዳል።

ውሃ ሌላው ጣጣ ነው። ቢርካ ከሚባለው የውሃ ማጠራቀሚያ ወይም ከአህያ ጋሪ የመጣ ውሃ ከደፈረሰ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል፤ ከዚያ እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ይጨመርበት። ጀሪካኑ ክዳን ይኑረው።

ያም ሆኖ ተቅማጥ መምጣቱ አይቀርም። በ1971 እ.ኤ.አ. ከባንግላዴሽ የሸሹ ስደተኞች በሕንድ ድንበር በኮሌራ ሲረግፉ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉ ሐኪም በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀባቸው። ጨው፣ የግሉኮስ ስኳርና ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠው ለቤተሰቦቹ ሰጡ፤ እናቶችና እህቶች ራሳቸው ለሕመምተኞቹ አጠጡ። 30 በመቶ ገደማ የነበረው ሞት በእሳቸው ጣቢያ ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሶማሊያ የሸሹ ሰዎችን ባስጠለለው በአውበሬ የስደተኞች ጣቢያም ሆነ በከተማው፣ ዛሬ ከጤና ኬላ የሚገኘው ኦአርኤስ የዚያው ሐሳብ ልጅ ነው። ልብ ይባል፤ ያኔም ሕይወት ያተረፉት እጆች የቤተሰብ እጆች ነበሩ።

ስህተት የሚበዛው በመለኪያው ላይ ነው። የአንድ ሊትሩ የኦአርኤስ ከረጢት በሙሉ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። በግማሽ ሊትሩ የሃይላንድ ጠርሙስ ሁለት ጊዜ ሞልቶ መለካት ቀላሉ መንገድ ነው። ውሃው ቢበዛ መድኃኒቱ ይደክማል፤ ውሃው ካነሰ ጨው ይበዛል፣ ያም ለልጁ አደገኛ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይጠጣ፤ ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ በዝግታ መቀጠል ነው። ከተበጠበጠ አንድ ቀን ያለፈው ይደፋ። ጡትና ምግብ አይቋረጥ። ዚንኩም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጥ። ሰገራው ደም ካለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ከፈዘዘ ግን ቤት መጠበቅ የለም።

ድዱ ያበጠና ተቅማጥ የያዘው ልጅ ግግ አለበት ተብሎ ወደ ነቃይ የሚወሰድበት ልማድ በአውበሬም፣ በደሴም፣ በአዲስ አበባም አለ። የሚነቀለው ገና ያልወጣ የልጁ የራሱ ጥርስ ነው። ባልተቀቀለ ስለት የሚደረገው ይህ ሥራ ልጁን ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ይዳርገዋል፤ ተቅማጡን አያቆምም። ሆዱን በጋለ ብረት መተኮስም እንዲሁ።

መክሳቱን በዓይን ብቻ መገመት ያሳስታል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ በባለቀለሙ ማሰሪያ ሲለካ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ ነው፣ ክትትል ይፈልጋል። ክፉኛ ለከሳው ልጅ የሚሰጠው ፕላምፒናት የተባለው አልሚ ምግብ መድኃኒቱ ስለሆነ ለወንድም ለእህት አይከፋፈል። ቤት ውስጥ ሌሎች የተራቡ ልጆች ባሉበት ይህን መጠበቅ ለእናት ከባድ ነው፤ ሲታዘዝላት ስለቀሩት ልጆቿም መጠየቅ ይገባል።

ከጅላሉ በፊት ሊያልቅ የሚገባው ሌላው ጉዳይ ክትባት ነው። ኩፍኝ የከሳ ልጅ ላይ ይበረታል፤ ክትባቱ በዘጠኝ ወርና በ15 ወር ይሰጣል። ቤተሰቡ ወደ ጅግጅጋም ሆነ ወደ ሌላ ወረዳ ቢሄድ የቀረው ክትባት እዚያው ይቀጥላል፣ እንደ አዲስ አይጀመርም። ካርዱ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከእናት ጋር ይጓዝ።