ተጨማሪ መረጃ፦ የፈረስ ጌጥ ብር ለምን ይጠቁራል?

በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ሲሰባሰቡ ከፈረሱ ቀጥሎ ዓይን የሚስበው ኮርቻው፣ ግላሱና ልጓሙ ነው። በቀድሞው ዘመን አንጥረኞች ለፈረስ ዕቃ የብር ጌጥ ለመሥራት ያቀልጡ የነበረው ብዙውን ጊዜ የማርያ ትሬዛን ጠገራ ነው። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 83.3 በመቶው ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው።

ጌጡ ሲጠቁር “ዛገ” እንላለን። ዝገት ግን የብረት ጣጣ ነው፤ ብርን የሚያጠቁረው ድኝ ነው። ከጭስና ከበረት ፍግ የሚወጣው የድኝ ጋዝ ከብሩ ጋር ተዋህዶ ብር ሰልፋይድ የተባለ ጥቁር ሽፋን ይፈጥራል። እርጥበት ይህን ያፋጥነዋል፤ የጎጃም ክረምት ደግሞ እርጥበት አያጣም።

በአመድና በአሸዋ መፈተግ ጥቁሩን ከነብሩ ይልጠዋል። ጌጡ ከቆዳው የሚነቀል ከሆነ ሳህን ላይ አሉሚኒየም ፎይል አንጥፉ፤ ጌጡን ፎይሉን እንዲነካ አድርጋችሁ አስቀምጡና ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ሙቅ ውሃ አፍስሱበት። አሉሚኒየሙ ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ ድኙ ይለያል፤ ብሩ ባለበት ይቀራል። የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ከመጣ ሥራው እየተካሄደ ነው፤ መስኮት ክፈቱ።

ቆዳ ላይ የተሰፋውን ግን አትንከሩ፤ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በውሃ በራሰ የጠመኔ ዱቄት በጥጥ ጨርቅ ማሸት ይበቃዋል። ከግልቢያ በኋላ የፈረሱን ላብ ጥረጉና ጌጡን በጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉ። ሱፍና ጎማ ራሳቸው ድኝ ስላላቸው አይሆኑም።