እያረጀ የሚወደድ ሸቀጥ፦ የኦሚያው የቦንሳይ ገበያ

ሸቀጥ ሲቆይ ዋጋው ይወርዳል። እህሉ ይነቅዛል፣ ጨርቁ ይደበዝዛል፣ መኪናውም ሞዴሉ ያልፍበታል። በጃፓን ሳይታማ ግዛት፣ ኦሚያ በተባለው ሥፍራ የሚሸጠው ሸቀጥ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ጥልቀት በሌለው የሸክላ ሳህን ውስጥ እየተገረዘ የሚያድግ፣ አንድ ሰው አቅፎ ሊያነሳው የሚችል ዛፍ ነው። ስሙ ቦንሳይ ይባላል።

የዚህ ሸቀጥ ትልቁ የአደባባይ ገበያ በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ከሜይ 3 እስከ 5፣ በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 25 እስከ 27፣ ይካሄዳል። በእነዚህ ሦስት ቀናት የመንደሩ ጎዳናዎች በድንኳንና በመደርደሪያ ይሞላሉ። ከተራ ችግኝ አንሥቶ ዕድሜ እስከጠገበ ጥድ፣ ከመቀስና ከሽቦ አንሥቶ እስከ ሸክላ ሳህን ድረስ ለሽያጭ ይቀርባል። ገዢውም ተመልካቹም እኩል ይስተናገዳል።

መንደሩ የተቆረቆረው በአደጋ ሰበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮን ሲያወድማት፣ በከተማይቱ የነበሩ ቦንሳይ አሳዳጊዎች ሰፊ መሬትና ንጹሕ ውኃ ፍለጋ ወጡ፤ በ1925ም ኦሚያ ላይ ሠፈሩ። የነዋሪነት ደንባቸው ለነጋዴ ትምህርት የሚሰጥ ነው። እያንዳንዱ ነዋሪ ቢያንስ 10 ቦንሳይ እንዲኖረው፣ ግቢውን ለሕዝብ ክፍት እንዲያደርግ፣ ፎቅ እንዳይሠራና አጥሩም የተክል እንዲሆን ያስገድዱ ነበር። በዛሬ አነጋገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መንደሩን በሙሉ የሽያጭ አዳራሽ አድርገውታል ማለት ነው።

ዋጋውን ማን ይተምናል?

ቦንሳይ እንደ ቡና በኪሎ አይሸጥም። ገዢ በመጀመሪያ ሥሩ በአፈሩ ላይ እንዴት እንደተዘረጋ፣ ግንዱ ከታች ወፍሮ ወደ ላይ እንዴት እንደሚቀጥን ያያል። ቀጥሎ ዕድሜው፣ የሳህኑ ጥራትና ከዚህ በፊት በማን እጅ እንደነበረ ይጠየቃል። ከ1934 ጀምሮ ቶኪዮ ውስጥ በሚካሄደው ኮኩፉ ትርኢት ላይ በዳኞች ተመርጦ የቀረበ ዛፍ ደግሞ ማኅተም እንደተመታበት ይቆጠራል። በመሆኑም አንዱ በጥቂት ሺህ የን ሲሸጥ ሌላው በሚሊዮን ይጠራል። በ2011 በታካማትሱ ከተማ በተካሄደ ዓለም አቀፍ ስብሰባ ላይ ለአንድ ጥድ የተለጠፈበት ዋጋ 100 ሚሊዮን የን ነበር።

ይሁንና ይህ ካፒታል ነፍስ ያለው ነው። በበጋ ወራት አንዳንዴ በቀን ሁለት ጊዜ ውኃ ይፈልጋል፤ በየጥቂት ዓመቱ ሥሩ ተከርክሞ አፈሩ ይለወጣል። ለጥቂት ቀናት ቢዘነጋ የትውልዶች ድካም ይደርቃል። ጊዜ የሌላቸው ባለሀብቶች ዛፋቸውን በክፍያ ለአሳዳጊዎች የሚያስጠብቁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ሌባም አለ። በ2019 መጀመሪያ በዚያው በሳይታማ፣ ካዋጉቺ ከተማ፣ ከአንድ ባልና ሚስት ግቢ 13 ሚሊዮን የን የሚገመቱ 7 ዛፎች ተሰረቁ። ከመካከላቸው አንዱ 400 ዓመት ያስቆጠረ ነበር። ባለቤቶቹ ለሌቦቹ ያስተላለፉት መልእክት «ገንዘባችንን መልሱ» የሚል አልነበረም፤ ዛፎቹን ውኃ እንዲያጠጡላቸው ነበር የለመኑት።

የመንደሩ ዋና ሥጋት ግን ተተኪ ነው። በደጉ ዘመን 30 ገደማ የነበሩት የአሳዳጊ ግቢዎች ዛሬ ከ10 በታች ናቸው። በአንጻሩ የውጭ ገዢና የውጭ ተለማማጅ እየበዛ መጥቷል። ከውጭ ለሚመጣ ገዢ ግን ዛፉን ከመግዛት ይልቅ አገሩ ማስገባቱ ይከብዳል፤ ብዙ አገሮች ከነአፈሩ እንዲገባ ስለማይፈቅዱ የኳራንታይን ሕጉን አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው።

ለሥራ ወደ ቶኪዮ የሚያቀና ነጋዴ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ተጉዞ ኦሚያ ይደርሳል። የሚያዝያው ትርኢት ቢያመልጠው እንኳ ከ2010 ጀምሮ ለሕዝብ የተከፈተው የቦንሳይ ሙዚየም አለ። እዚያ የሚያየው ጥድ ከአገራችን ጥድ ጋር የአንድ ወገን ዘመድ ነው፤ ወይራችንም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለቦንሳይ ይውላል። ልዩነቱ በዛፉ ላይ አይደለም፣ ዛፉን በሚጠብቀው ሰው ላይ ነው። የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል የሚለው ብሂል ለዚህ ገበያ የተተረተ ይመስላል።