ከመደመር ምልክት በፊት

የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ የሒሳብ ጥያቄ መፍታት የሚችለው መደመርና መቀነስ ከተማረ በኋላ ነው ተብሎ ይታሰባል። መጀመሪያ ይቆጥራል፣ ቀጥሎ ቁጥር ይጽፋል፣ ከዚያ 2 ሲደመር 3 ስንት እንደሆነ ይሸመድዳል፤ በታሪክ መልክ የሚነገር ጥያቄ ተራው የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሕፃናትን አስተሳሰብ የመረመሩ ጥናቶች ግን ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ እንደሚችል ያሳያሉ።

በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ካርፔንተርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት ጥናት በ70 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ላይ የተደረገ ነበር። ልጆቹ በትምህርት ዘመኑ ልዩ ልዩ የታሪክ ጥያቄዎችን ሲፈቱ ቆይተዋል። በኋላም እያንዳንዳቸው ዘጠኝ ጥያቄዎች ቀረቡላቸው፤ ማባዛትና ማካፈል የሚሹም ነበሩባቸው። 32ቱ ለዘጠኙም ጥያቄዎች ትክክለኛ የአፈታት መንገድ ተጠቀሙ፣ 44ቱ ሰባትና ከዚያ በላይ በትክክል መለሱ። አንዱንም ያልመለሱት 5 ልጆች ብቻ ናቸው።

ከጥያቄዎቹ አንዱ 19 ልጆች ሰርከስ ሊያዩ ይሄዳሉ፣ አንድ መኪና 5 ልጆች ይይዛል፣ ስንት መኪና ያስፈልጋል የሚል ነው። ለአዋቂ ይህ ቀሪ ያለው ማካፈል ነው። ማካፈል የሚባል ነገር ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ግን 19 ጠጠር ቆጥሮ ያወጣና አምስት አምስት እያደረገ ይከምራል። ሦስት ክምር ከሞላ በኋላ አራት ጠጠር ይተርፋል። እዚህ ላይ ልጁ ስለ ቀሪ ሕግ አያስብም፤ የተረፉት ልጆች ቤት እንዲቀሩ ስለማይፈልግ አራተኛ መኪና ይጨምርላቸዋል። ስሌቱን ቀድመው የተማሩ ትልልቅ ተማሪዎች እንኳ «3፣ ቀሪ 4» ብለው ማቆማቸው ያጋጥማል።

የሕፃናት የአፈታት መንገድ በመሠረቱ ይኸው ነው፦ በታሪኩ ውስጥ የሆነውን በዕቃ ወይም በጣት መልሶ ማድረግ። ብስኩት ከተበላ ጠጠር ይነሣል፣ ከተሰጠ ይጨመራል፣ ለአራት ሰው ከታደለ በአራት ቦታ ይከፈላል። እያደር ልጁ በዕቃው ላይ የሚሠራውን ያሳጥራል። 5 ላይ 3 ሲጨመር አምስቱን ከአንድ ጀምሮ መቁጠሩን ይተውና «ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት» ይላል። በቃል የሚታወቀው የመደመር ውጤት የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ስለዚህ በጣት መቁጠርን እንደ ጥፋት ቆጥሮ የሚከለክል መምህር ልጁ የሚሻገርበትን ድልድይ ነው የሚያፈርሰው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ቅድመ ዝግጅት ብዙ አይደለም። ልጁ አንዱን ዕቃ አንድ ጊዜ ብቻ እየነካ መቁጠር፣ የቁጥሮቹን ተራ መጠበቅ፣ በመጨረሻ የጠራው ቁጥር የሁሉንም ብዛት እንደሚናገር ማወቅ ይኖርበታል። ሰባት ባቄላ ቆጥሮ ሲያበቃ «ታዲያ ስንት ናቸው?» ቢባል እንደገና ከአንድ የሚጀምር ልጅ ሦስተኛውን ገና አልጨበጠም። እስከ 100 በቃል መውረድ ብዙ ወላጆችን የሚያስደስት ቢሆንም ይህን እውቀት አያረጋግጥም።

የጥያቄው አነጋገር ከቁጥሮቹ ትልቅነት ይልቅ የሚከብድበት ጊዜ አለ። ቶም ሃድሰን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ጥናት ለልጆች ወፎችና ትሎች ያሉበትን ሥዕል አሳየ። «ወፎቹ ከትሎቹ በስንት ይበልጣሉ?» ሲባሉ በትክክል የመለሱት የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች 25 በመቶ ብቻ ነበሩ። «ወፎቹ ትል ለመያዝ ቢሽቀዳደሙ ስንቶቹ ሳያገኙ ይቀራሉ?» ሲባል ግን 96 በመቶ መለሱ። ሁለተኛው ጥያቄ የሚሠራ ነገር ይሰጣል፤ ልጁ እያንዳንዱን ወፍ ከአንድ ትል ጋር ያገናኛል። መነሻው የተደበቀ ታሪክም እንዲሁ ይከብዳል፤ መጀመሪያ ስንት እንደነበር ካልታወቀ ልጁ ስንት ጠጠር አውጥቶ ይጀምር?

አንዳንድ መምህራን ችግሩን ለማቃለል ቁልፍ ቃል ያስጠናሉ፦ «ቀረ» ካለ መቀነስ፣ «በአጠቃላይ» ካለ መደመር። ዘዴው ልጁን ከታሪኩ ያርቀዋል። «ሀና 3 እርሳስ ለወንድሟ ሰጥታ 5 ቀራት፤ መጀመሪያ ስንት ነበራት?» በሚለው ውስጥ «ቀራት» የሚል ቃል አለ፤ መልሱ ግን 8 ነው።

በክፍል ውስጥ መምህርቷ ታሪኩን በአፍ ትናገራለች፤ ልጆቹ ስለማያነቡ ሁለት ሦስት ጊዜ ትደግመዋለች፤ አንዱ ልጅ በራሱ አባባል እንዲመልሰው ታደርጋለች። ቆርኪ፣ ባቄላ ወይም ጠጠር በየልጁ ፊት ይቀመጣል። እንዴት እንደሚፈታ አታሳይም፤ አስቸጋሪው ዝም ብሎ መጠበቁ ነው። ከዚያ «እንዴት አገኘኸው?» ትላለች፤ ትክክል የመለሰውንም የተሳሳተውንም። ሦስት ልጆች ሦስት የተለያየ መንገድ ካሳዩ፣ ሌላ ጥያቄ ከመጨመር ይልቅ ሦስቱን ማነጻጸር ይጠቅማል። ብዙ ልጆች ባሉበት ክፍል በቡድን ከፍሎ መሥራት ይቻላል፤ ታሪኩ አንድ ሆኖ ቁጥሩ ይለያያል፣ ለአንዱ ቡድን 4 እና 2፣ ለሌላው 12 እና 5።

ምልክቶች መግባት ያለባቸው ከዚህ በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ማርቲን ሂዩዝ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ ሳጥን ውስጥ ባለ ሁለት ጡብ ላይ አንድ ሲጨመር ሦስት መሆኑን የሚናገሩ ልጆች «ሁለትና አንድ ስንት ነው?» ሲባሉ ግራ ይጋባሉ። ስለዚህ ልጁ በባቄላ ሠርቶ የተናገረውን መምህርቷ ከጎኑ 8 − 3 = 5 ብላ ትጽፍለታለች፤ ስምንቱ የትኞቹ ባቄላዎች እንደሆኑ፣ ሦስቱ የት እንደሄዱም በጣቱ እንዲያሳያት ትጠይቀዋለች።