ፀሐይ የተነፈገ ሕፃን

ስድስት ወር አልፎት አንገቱን በወጉ የማያጸና፣ ደግፈው ሲያስቀምጡት የሚታጠፍ ሕፃን ሲታይ «የሰው ዓይን ነው» ይባላል፤ አለያም «ሰነፍ ልጅ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኛ አስቀድሞ አንድ ነገር ይጠየቅ እንላለን፤ ልጁ ፀሐይ ካየ ስንት ጊዜው ነው?

ቫይታሚን ዲ ከምግብ የሚገኘው በጥቂቱ ነው። ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሰውነት ራሱ ይሠራዋል። ሲጎድል ካልሲየም በሚገባ ወደ ሰውነት አይገባም፤ አጥንት ይለሰልሳል፣ ጡንቻም ይዝላል። ሕመሙ ሪኬትስ ይባላል። እርግብግቢቱ ቶሎ አይገጥምም፣ የእጁ አንጓ ይወፍራል፣ መዳሁ ይዘገያል፣ ቆሞ ሲሄድም እግሩ ይንጋደዳል።

ነገሩ በእግር መንጋደድ ቢያበቃ ባልከፋ። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል አጥንተው በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው። የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ግን 20ዎቹ ብቻ! የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ፣ ጡንቻው የዛለ ልጅ አክታውን ስሎ ማውጣት ያቅተዋል።

አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለበት አገር ይህ መሆኑ ይገርማል። ምክንያቱ ግን ከቤታችን አይርቅም። ምችንና የሰው ዓይንን ፈርተን አራስ ልጅ በጨለማ ጎጆ ውስጥ በጋቢ ጠቅልለን እናቆያለን። ኒፋስ የእናቲቱን ሶላትና ጾም የሚመለከት ሕግ ነው፤ ሕፃኑን ከፀሐይ የሚከለክል ነገር የለበትም። ልብሱን አውልቆ፣ ዓይኑን ከልሎ፣ ጧት ፀሐይዋ ሞቅ ስትል በደጅ ወይም በጀፎረው ዳር ይዞት መቀመጥ ነው። በጥቂት ደቂቃ ተጀምሮ ቀስ በቀስ እስከ 20 ደቂቃ ይደርሳል። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ ለዚህ አይረዳም።

የጡት ወተት ወደር የለውም፤ ቫይታሚን ዲ ግን ያንሰዋል፣ እናቲቱ ፀሐይ ካላገኘች ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ተሸፋፍነው የሚወጡ እህቶቻችን በግቢያቸው፣ ባዕድ ወንድ በሌለበት፣ ክንዳቸውንና እግራቸውን ፀሐይ ያስነኩ። አባወራዎችም አጥር ሲያጥሩ ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

በክረምት ደመናው ሲከብድ በቀን 400 ዩኒት የሚሰጥ ጠብታ አለ፤ ጤና ባለሙያ ይጠየቅ። ከተወለደ ጀምሮ የዛለ፣ መጥባት ያቃተው ወይም የሚያንቀጠቅጠው ልጅ ግን ሌላ ሕመም ሊኖርበት ስለሚችል ፀሐይ እየተሞከረለት አይቆይ፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ።