የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አያድግም

በየስልኩ የሚዞረውን ቪዲዮ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንዲት ወጣት አፏን ከፍታ ታሳያለች፤ በጥርሶቿ ቦታ የቀረው ሾጣጣ ጉቶ ብቻ ነው። ከስር የሚጻፈው አስተያየት ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን «የቱርክ ሐኪሞች ሰው ያበላሻሉ፤ ወደዚያ እንዳትሄዱ» ይላል። ሌላው «ውሸት ነው፤ ቬኒር ከላይ የሚለጠፍ ስስ ነገር ነው፤ ጥርስ አይነካም፤ ካልተመቸሽ ታስነሺዋለሽ» ብሎ የክሊኒክ ስልክ ቁጥር ያስቀምጣል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የሁለተኛው ስሕተት ግን ጥርስ ያሳጣል፤ ብዕር ያስነሣኝም እሱ ነው።

ያ ጉቶ የቱርክ ፈጠራ አይደለም። ለክራውን የተዘጋጀ ጥርስ አዲስ አበባም፣ ለንደንም፣ ዋሽንግተንም መልኩ ያው ነው። ጥርስ በመበስበስ ወይም በመሰበር አብዛኛው ክፍሉ ሲጠፋ የቀረው ይሞረድና ዙሪያውን የሚሸፍን ክራውን ይደረግለታል። ይህ ደህና ሕክምና ነው፤ ብዙ ጥርስ አትርፏል። መጠየቅ ያለበት ጥርሱ የት ተሞረደ ሳይሆን ለምን ተሞረደ የሚለው ነው። ጤነኛ የሆኑ ሃያ ጥርሶችን ለማንጣት ብቻ በክራውን መሸፈን የትም አገር ቢደረግ ጉዳት ነው።

ሰው ወደ ቱርክ የሚሳበው በዋጋው ነው፤ ዋጋውም ምስጢር የለውም። የኢስታንቡልና የአንታሊያ ክሊኒኮች የሚረክሱት የሐኪሙና የጥርስ ቴክኒሻኑ ክፍያ፣ የቤት ኪራዩና የሊራው ምንዛሪ ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው። ሎስ አልጎዶነስ የምትባለው የሜክሲኮ ትንሽ ከተማም የጥርስ ሐኪሞች መንደር የሆነችው አሜሪካውያን ድንበሩን በእግር ተሻግረው ስለሚገቡ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን የሆነው መደበኛው ሜዲኬር አብዛኛውን የጥርስ ሕክምና አይሸፍንም። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለበዓል አገር ቤት ሲመጡ ጥርሳቸውን አሠርተው የሚመለሱት በዚሁ ሒሳብ ነው። በገንዘቡ ልክ የሚታከም ሰው ሊወቀስ አይገባም፤ ርካሽ ሁሉ መጥፎ ነው የሚለውን ወሬም አልቀበልም።

እንግዲህ ጥርሱ ውስጥ ወደሚሆነው ልግባ፤ ቪዲዮዎቹ ሁሉ የዘለሉት ይህን ነው።

የጥርስ ውጫዊ ልባስ ኢናሜል ይባላል። በክብደቱ 96 ከመቶ ያህሉ ማዕድን ነው፤ በሰውነታችን ውስጥ ከሁሉ የሚጠነክረው አካል እሱ ነው። ሆኖም ሕያው አይደለም። የሠሩት ሴሎች ጥርሱ ከድድ ሲወጣ አብረው ያልቃሉ። አጥንት ቢሰበር ይጠግጋል፤ ቆዳ ቢቆረጥ ይሽራል፤ ኢናሜል ግን አንዴ ከተሞረደ የሚተካው ሠራተኛ የለም። ምራቅ በላዩ ላይ ያለውን ጥቃቅን የማዕድን ጉድለት ይሞላል፤ የጠፋ ውፍረት ግን አይመልስም። ይህ ልባስ በፊት ጥርስ ላይ ጫፉ አካባቢ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ድድ ሲጠጋ ከዚያም ይሳሳል። ሐኪሙ የሚሠራው በዚህች ውፍረት ውስጥ ነው።

እውነተኛ ቬኒር ከፊት ለፊት ብቻ የሚለጠፍ ስስ ሴራሚክ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ከ0.3 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር መሞረድ ሲሆን፣ በደንብ ከተሠራ ከኢናሜሉ አይወጣም። ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ማጣበቂያው የሚተማመነው በኢናሜል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ማይክል ቦኖኮር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ኢናሜልን በፎስፎሪክ አሲድ ቢያሻክሩት ሙጫው ወደ ጥቃቅን ጉድጓዶቹ ገብቶ አጥብቆ እንደሚይዝ አሳየ። የዛሬው ቬኒር በሙሉ የቆመው በዚህ ግኝት ላይ ነው። ክራውን ግን ጥርሱን ዙሪያውን ይፈልጋል፤ በየጎኑ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ከጫፉ ደግሞ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይነሳል። ተመራማሪዎቹ ኤደልሆፍና ሶሬንሰን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ሰው ሠራሽ የፊት ጥርሶችን ሞርደው ምን ያህል እንደሚነሳ መዝነው ነበር። ለቬኒር የሚነሳው ከሚታየው የጥርስ ክፍል ከ3 እስከ 30 ከመቶ ሲሆን፣ ለሙሉ ክራውን ከ63 እስከ 72 ከመቶ ነው። «ቬኒር» በሚል ስም ክራውን የሚሸጥ ማስታወቂያ እንግዲህ የሚደብቀው ይህን ልዩነት ነው።

ኢናሜሉ ካለቀ በኋላ መሞረጃው የሚገባው ዴንቲን ውስጥ ነው፤ ዴንቲን ደግሞ ከሕያው ሥጋ ጋር የተገናኘ ነው። ከዳር እስከ ዳር በዓይን በማይታዩ ቱቦዎች የተበሳሳ ነው። በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ ከውጭ በኩል ወደ 20,000 ገደማ፣ ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ደግሞ ከዚያ እጥፍ በላይ ቱቦ ይገኛል። በየቱቦው ፈሳሽ አለ። አንድ ጥርስ ለክራውን ሲሞረድ ከሚሊዮን የሚበልጡ ቱቦዎች በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ። ስዊድናዊው ማርቲን ብሬንስትሮም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንዳስረዳው፣ ቅዝቃዜ ወይም አየር ሲነካው ፈሳሹ በቱቦው ውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ ያ እንቅስቃሴ ውስጥ ያለውን ነርቭ ይጎትታል። ቀዝቃዛ ውሃ ስንጠጣ ጥርሳችንን የሚወጋን ያ ነው። በእነዚሁ ቱቦዎች የባክቴሪያ መርዝም፣ ኬሚካልም ወደ ውስጥ ይገባል።

ከዴንቲኑ በስተጀርባ፣ በተለምዶ «ነርቭ» የምንለው፣ የደም ሥርም ሕያው ሴሎችም የሞሉበት ለስላሳ ሥጋ አለ። የሱ ችግር ማደሪያው ነው። እግራችን ወለም ሲለው ያብጣል፤ ማበጡ ያማል እንጂ አይገድለውም፤ ቆዳው ይለጠጥለታልና። የጥርስ ነርቭ ግን ዙሪያውን ግድግዳ ነው፤ ማበጫ ቦታ የለውም። ሲቆጣ ግፊቱ ይጨምራል፣ በሥሩ ጫፍ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ የሚገባው ደም ይጨነቃል። ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ይድናል፤ ሴሎቹ ከውስጥ በኩል አዲስ ዴንቲን ሠርተው ራሳቸውን ይከላከላሉ። ከበዛበት ይሞታል። ሁልጊዜም በሕመም አይሞትም። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ዝም ብሎ ቆይቶ አንድ ቀን መግል ቋጥሮ ይገለጣል።

የሚጎዳው ደግሞ ጥልቀቱ ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱም ነው። በፍጥነት የሚሽከረከር መሞረጃ ውሃ ካልፈሰሰበት ጥርሱን ያግለዋል። ተመራማሪዎቹ ዛክና ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1965 በጦጣ ጥርስ ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ የነርቩ ሙቀት በ5.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር 15 ከመቶ ያህሉ ሳያገግም ቀርቷል፤ በ11 ዲግሪ ሲጨምር ደግሞ 60 ከመቶው። በአንድ ቀን ሃያ ጥርስ ለመጨረስ የሚቸኩል እጅ ውሃውንም ዕረፍቱንም ሊያሳጥር ይችላል።

እዚህ ላይ የጥርስ ሕክምና ሙያዬ ራሱ የሚከራከርበትን አልደብቅም። የ5.5 ዲግሪው ቁጥር በየመማሪያ መጽሐፉ ቢጠቀስም፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ጣልያናውያን ተመራማሪዎች በሰው ጥርስ ላይ ሞክረው ሙቀቱ በአማካይ ወደ 11 ዲግሪ ቢጨምርም ነርቩ ላይ ጉዳት አላገኙም። አሞቃቀማቸው ከዛክና ከኮኸን የተለየ ነበር፤ ያዩትም ጥቂት ጥርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የሆንግ ኮንግ ክትትል ደግሞ ነርቩ ሕያው ሳለ ክራውን ከተደረገለት ጥርስ ውስጥ በ10 ዓመት 15.6 ከመቶው ነርቩ እንደሞተ አስልቷል። በሃያ ጥርስ ሲሰላ ሦስት ጥርስ ማለት ነው። ሆኖም ለክራውን የሚቀርብ ጥርስ አስቀድሞ የተጎዳ ሊሆን ስለሚችል፣ ጤነኛ ጥርስ ከዚህ የተሻለ ዕድል ይኖረዋል የሚል ሐኪም ምክንያት አለው። በሌላ በኩል የወጣት ሰው ነርቭ ሰፊና ለላዩ የቀረበ ስለሆነ መሞረዱ ቶሎ ይደርስበታል። ከውጭ አገር በተበላሸ ጥርስ ስለሚመለሱ ሰዎች የእንግሊዝ ሐኪሞች የሚሰጡት ምስክርነትም እውነት ነው፤ ነገር ግን ሐኪም ዘንድ የሚመጣው የታመመው ነው፤ ደህና የሆነውን ማንም አይቆጥረውም። ስለዚህ «የቱርክ ጥርስ ከመቶ ይህን ያህሉ ይበላሻል» የሚል ቁጥር ቢነገራችሁ አትመኑ።

አሁን የኛን አገር ጉዳይ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በዝዋይ አካባቢ ያደገ ብዙ ሰው ጥርሱ ቡናማ ነው። ባለመቦረሹ አይደለም። የከርሰ ምድሩ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ወሰን በላይ ፍሎራይድ ስላለበት፣ በልጅነት ኢናሜሉ ሲሠራ ማዕድኑ በአግባቡ ሳይሞላ ይቀራል፤ ቀለሙም በኋላ ይገባበታል። ይህ ሰው በጥርሱ አፍሮ እያደገ ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያስበው ፈገግታውን ነው። እረዳዋለሁ። ግን በብዙዎች ዘንድ ቀለሙ ያለው በኢናሜሉ የላይኛው ክፍል ነው። በቀላል አሲድና በአሸዋማ ዱቄት የሚደረግ ስስ ፍግፈጋ፣ ማንጫ፣ ወይም ሁለቱ ተጣምረው ያለ ክራውን ብዙ ይለውጣሉ። ጥርሱ ተቦርቡሮ ከሆነ ቬኒር ሊያስፈልግ ይችላል፤ እዚያም ማጣበቂያው በእንዲህ ያለ ኢናሜል ላይ ምን ያህል ይይዛል በሚለው ባለሙያዎች አልተስማሙም። ለቀለም ብቻ ሲባል የሚታየውን የጥርስ ክፍል ሁለት ሦስተኛ ማንሳት ግን መነሻው ልክ አይደለም።

በጠፋ ጥርስ ምትክ መንጋጋ አጥንት ውስጥ ስለሚተከለው ኢምፕላንት ብዙ አልልም። ስዊድናዊው ብሮነማርክ ያገኘው ነገር አጥንት ከቲታኒየም ጋር መዋሐዱን ነው፤ ውሕደቱም በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። በዚያው ቀን ጥርስ የሚተከልባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ የሚመረጡት ግን በአጥንቱ ሁኔታ እንጂ በአውሮፕላኑ መመለሻ ቀን አይደለም። ጉዞንና ሕክምናን አንድ ላይ የሚሸጠው የአምስት ቀን ጥቅል ችግርም ይኸው ነው። ነርቩ መቆጣቱ፣ ድዱ መረጋጋቱ፣ ንክሻው መስተካከሉ የሚታወቀው ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

እሄዳለሁ ካላችሁ ሂዱ። ቱርክ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ ታካሚ ለሚቀበሉ ተቋማት የጤና ሚኒስቴሩ ፈቃድ እንዲኖራቸው በደንብ ደንግጋለች፤ ክሊኒኩ ያን ፈቃድ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ከዚያ በፊት ግን ቲኬት ሳትቆርጡ እዚሁ ኤክስሬይ ተነሱና ሕክምናውን የማይሸጥላችሁ ሐኪም ይየው። የትኛው ጥርስ፣ በስንት ሚሊ ሜትር፣ በምን ምክንያት እንደሚሞረድ፣ ቬኒር ይሁን ክራውን በጽሑፍ ተቀበሉ። ነርቩ ቢሞት የሥር ሕክምናውን ማን፣ የት፣ በማን ወጪ እንደሚሠራ አብሮ ይጻፍ። ፎቶ ብቻ አይቶ «ሃያ ጥርስ» የሚል መልስ የላከላችሁን ክሊኒክ ተዉት።